አንድ አጭር አስተያየት

ለመጻፍ መድፈሬን ይቅር በሉኝ። ፊደል የለየሁት በስተርጅና ነው። «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ግን ስለዚህ ሰው ካልተናገርኩ አይወጣልኝም።

ስብሰባ ባለበት ሁሉ እሱ አለ። እጁን ያወጣል፣ «አንድ አጭር አስተያየት ብቻ» ይላል፣ ከዚያ የሰው ሁሉ ምሳ ይበርዳል። እኔ በማጸዳበት ዩኒቨርሲቲ ይህ ሰው የታሪክ መምህሩ ናቸው። እኛ የጽዳት ሠራተኞች «ክቡር አጭር አስተያየት» እንላቸዋለን፤ በሌሉበት ነው ታዲያ።

የቆሻሻ ቅርጫት ከበሩ ወደ መስኮቱ ይዛወር ወይ ተብለው፣ «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ብለው ሰው ቆሻሻ መጣል ከጀመረበት ዘመን ተነሡ። ቅርጫቱ እስከ ዛሬ በሩ ጋ ነው። የታመመ ባልደረባቸውን ሊጠይቁ ሄደውም፣ በሽተኛው ከአልጋው ተነሥቶ ሸኛቸው አሉ።

ዘንድሮ ትልቁ ነገር መጣ። ዩኒቨርሲቲው እንደ ድርጅት ራሱን ይቻል፣ ገቢ የማያመጣ ትምህርት ይዘጋ ተባለ። ዲኑ ክፉ ሰው አይደሉም። «መንግሥት የሚሰጠን ጣሪያ እንኳ አያስጠግንም» ሲሉ እውነታቸውን ነው፤ ከሚያፈሰው ሥር ባልዲ የማስቀምጠው እኔ ነኝ። ግን መጀመሪያ የሚዘጋው በነጻ የሚሰጠው የጎልማሶች የማታ ትምህርት ሆነ። የኔው! ገና የመድኃኒቴን ብልቃጥ ለብቻዬ ማንበብ ስጀምር።

በስብሰባው ቀን አዳራሹን ስጠርግ መምህሩ ብቅ አሉ።

«እህት ዓለም፣ ሙሽሮቹ ስንት ሰዓት ነው የሚገቡት?»

ዲኑ ገቢ ይምጣ ብለው አዳራሹን ለሠርግ አከራይተውት ነበር።

«ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ ጋሼ።»

«ጎሽ።»

ከምሳ በኋላ ዲኑ ስብሰባውን ከፈቱ። «ከእንግዲህ ደንበኛ ንጉሥ ነው! በጀቱ ዛሬ ይዘጋል። ዛሬ ድምፅ ካልሰጠን ለከርሞም ሁሉም እንደነበረው ይቀጥላል።»

መምህሩ እጃቸውን አወጡ። «አንድ አጭር አስተያየት ብቻ።»

አዳራሹ አቃሰተ። እኔ ግን በሩ ጋ ቆሜ ልቤ ዘለለ።

ድንጋይ ላይ ከቸከቸከው ከመጀመሪያው ሰውዬ ጀመሩ። ስምንት ተኩል ሲሆን ወረቀት ገና አልተፈለሰፈም።

«ዶክተር፣ ያጠቃልሉ እንጂ!» ዲኑ ላብ በላብ ሆኑ።

«ወደዚያው እየመጣሁ ነው።»

ውሃ አቀበልኳቸው።

በሩ ተበረገደ። አበባ ገባ፣ ድምፅ ማጉያ ገባ፣ ከኋላ የሙሽራዋ አጎት። «ምንድነው ይሄ? ከፍለን እኮ ነው የተከራየነው!»

«አንዴ ድምፅ እንስጥና...» ዲኑ ለመኑ።

«ሙሽራ ፀሐይ ላይ ቆማ? ውጡልን!»

መምህሩ ማይኩን ቀስ ብለው አስቀመጡ። «ደንበኛ ንጉሥ ነው፣ ክቡር ዲን። ሐሳቤን ጨርሻለሁ።»

ሳቁና ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። ዲኑ ራሳቸው ሳይወዱ ሳቁ። በሩ ላይ ብቅ ያለችው ሙሽራ ለእሷ መስሏት እጅ ነሣች።

በማግስቱ ጠዋት ኮሪደር ስወለውል መምህሩ አጠገቤ ቆሙ። «እህት ዓለም፣ ስለዚህ መወልወያ አንድ አጭር አስተያየት ነበረኝ።»

መወልወያዬን ግድግዳው ላይ አስደገፍኩ፣ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

«ከሥሩ ይጀምሩት፣ ጋሼ» አልኳቸው።