ዘወር ባዩ አወያይ

የሰው ልጅ እሳትን ካወቀ ወዲህ ብዙ ነገር ፈልስፏል። ከሁሉም የላቀው ግን ራሱን በራሱ የሚመራ ስብሰባ ነው። የማያምን ካለ አንድ ጊዜ ገብቶ ይሞክረው። በዚህ ስብሰባ ሰብሳቢ የለም፣ መድረክ የለም፣ ከላይ የወረደ አጀንዳ የለም። ተሰብሳቢው ራሱ ይናገራል፣ ራሱ ይሰማል፣ ራሱ ይወስናል። ታዲያ ይህን ሁሉ ራሱ እንዲያደርግ አንድ ደመወዝተኛ ያስፈልገዋል፤ እሱም አወያይ ይባላል። አናጢ እጁን አጣጥፎ ቢቀመጥ ሰነፍ ይባላል፤ ሾፌር መሪውን ቢለቅ ይታሰራል። አወያይ ግን ምንም ባላደረገ ቁጥር «አቤት ብቃት!» ይባልለታል። እንዲህ ያለ የተባረከ ሙያ በየቤቱ አለመግባቱ ያሳዝናል።

የዚህ ታሪክ ባለቤት ወደ ሙያው የመጣው ከመለዋወጫ መጋዘን ነው። ዘመኑን በጎማና በፍሬን ሸራ መካከል ሲከፍትና ሲቆልፍ ኖሮ፣ መሥሪያ ቤቱ «አሳታፊ የአመራር ባህልን ለማስረጽ» ሰው ሲፈልግ፣ ሌላው ሁሉ «ሥራ አለብኝ» ሲል እሱ ብቻ ዝም በማለቱ ተመረጠ። ሠልጥኖ ሲመለስ ከአፉ «ክብ» የሚል ቃል የማይጠፋ ሰው ሆነ። ሐሳብ ክብ ነው፣ ሕይወት ክብ ናት፣ ወንበርም ክብ ይሁን። ሠራተኛው ምን ገዶት፣ ወዲያው «ክቡ» ብሎ ጠራው። «ክቡር» ለመባል አንዲት ፊደል ብቻ እንደቀረችው ያስተዋለው ራሱ ክቡ ነው፤ በልቡም ደስ አለው።

አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ አስጠራው።

«ስማ፣ የሰርቪሱን ጉዳይ ስብሰባ ጥራና ጨርስልኝ። ሠራተኛው ከተስማማ ቋሚ አወያይ ትሆናለህ። ካልተስማማ ያው መጋዘኑ አለልህ።»

«እኔ እንኳ አልጨርሰውም ጌታዬ፤ ራሱ ነው የሚጨርሰው።»

«ራሱ ከጨረሰውማ አንተ ለምን ታስፈልገኛለህ?»

ይህ ጥያቄ ሥልጠናው ላይ ስላልተነሣ ክቡ በጣቱ አየር ላይ ክብ ሠራ። ሥራ አስኪያጁም ይህን እንደ ጥልቅ ዕውቀት ቆጠረለት።

ለክቡ ግን ነገሩ ቀልድ አልነበረም። መጋዘኑ መስኮት የለውም፤ የአወያይ ቢሮ መስኮት አለው። ባለቤቱ የዚህን መስኮት ወሬ ለእኅቷ ነግራለች፣ እኅቷ ደግሞ ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ አዳርሳዋለች። «አሁን ተመልሼ ጎማ ሥር ስገባ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?» ይላል ለራሱ።

የሰርቪሱ ነገር እንዲህ ነው። መሥሪያ ቤቱ ማታ ማታ ሠራተኛውን ወደ ቤቱ የሚያደርስ አንድ አውቶቡስ አለው። ግማሹ ሠራተኛ ላይ ሰፈር፣ ግማሹ ታች ሰፈር ይኖራል። ሰርቪሱ መጀመሪያ ወደ ላይ ከወጣ ታች ሰፈሮች ጨልሞባቸው ይገባሉ፤ መጀመሪያ ወደ ታች ከወረደ የላይ ሰፈሮች ራት ይቀዘቅዛል። በዚህ የተነሣ ሁለቱ ወገኖች ተኳርፈው፣ ሰላምታቸውን እንኳ በሰፈር ለይተው መስጠት ጀምረዋል።

ክቡ በስብሰባው ዋዜማ ወዳሠለጠኑት መምህሩ ደወለ። መምህሩ ዕድሜያቸውን በሙሉ ሰው ሲያወያዩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ንግግራቸው አጭር፣ ትዕግሥታቸውም ከንግግራቸው ያጠረ ሽማግሌ ናቸው።

«ጋሼ፣ ነገ ነው። ምን ላድርግ?»

«ወንበሩን ክብ አድርግላቸው፣ በሩን ክፈትላቸው፣ ከዚያ ዘወር በል።»

«በቃ?»

«በቃ። ግን ዘወር ስትል ከልብህ ዘወር በል። እንደ ጀማሪ ሁለት ደቂቃ ዘወር ብለህ እንዳታቆም።»

«እስከ መቼ ጋሼ?»

«እስኪጨርሱ ነዋ!»

ክቡ ስልኩን ሲዘጋ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ትልቅ ሰው ትልቅ ነገር በአጭር ቃል ሲናገር ልብ ይነካል። ያን ዕለት በጊዜ ተኛ፤ ምቹ ጫማውንም አልጋው አጠገብ አዘጋጀ።

በማግስቱ ከምሳ በኋላ አዳራሹን ከውስጥ ቆልፎ ወንበር መደርደር ያዘ። ይህ መቆለፍ ከመጋዘን ይዞት የመጣ አመል ነው፤ ሲገባም ይቆልፋል፣ ሲወጣም ይቆልፋል፤ እጁ ያውቀዋል እንጂ እሱ አያውቀውም። መሐል ወለሉ ላይ ሚስማር አቁሞ፣ ሲባጎ አስሮ፣ እያንዳንዱን ወንበር በሲባጎው ለካ። አንዱ ወንበር ወደ ውስጥ ገባ ሲልበት ሁሉንም አፍርሶ እንደገና ጀመረ። ክብ ዝም ብሎ አይመጣም።

ይህ ሲሆን ሠራተኛው ኮሪደሩ ላይ ቆሞ በሩ እስኪከፈት ይጠብቃል። ሲጠብቅ ሰለቸው፤ ሲሰለቸው ወሬ ጀመረ።

«እኔ የምለው፣» አለች የላይ ሰፈሯ ሒሳብ ሹም ግድግዳውን ተደግፋ፣ «አንድ ሳምንት ወደ እኛ፣ አንድ ሳምንት ወደ እናንተ ቢቀድምስ?»

የታች ሰፈሩ ኤሌክትሪሻን ራሱን አከክ አከክ አደረገ። «እየተፈራረቀ ማለትሽ ነው?»

«አዎ።»

«ምን ችግር አለው ታዲያ? አንድ ሳምንት እኛ እንናደዳለን፣ አንድ ሳምንት እናንተ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። «ኧረ እንዲህ ቀላል ነበር እንዴ?» «እስከዛሬ ምን ነክቶን ነው?» ይባባል ጀመር። ተኳርፈው የከረሙት ሁሉ እጅ ለእጅ ተጨባበጡ። ክቡ በሩን የከፈተው በዚህ መሐል ነበር።

«ምንድን ነው እሱ?» አለ ደንግጦ።

«ተስማማን!» አለች ሒሳብ ሹሟ።

«የት?»

«እዚሁ ነዋ፣ ኮሪደሩ ላይ።»

«ቆማችሁ?»

«ቆመን።»

«ክብ ሠርታችሁ?»

«ኧረ እንደተሰለፍን ነው።»

«እንግዲያውስ አልተስማማችሁም፤» አለ ክቡ፣ ላቡን እየጠረገ። «ይህ ሂደቱን ያልተከተለ መግባባት ነው። ግቡና በሥርዓቱ ተስማሙ።»

ኤሌክትሪሻኑ ሊናደድ ሲል ሒሳብ ሹሟ ክንዱን ያዘችው። የክቡ ፊት አንጀቷን በልቶታል። «ተወው ባክህ፣ እንግባለት። መጋዘን ሊመልሱት ነው አሉ። ያንኑ መልሰን እንልና እንወጣለን።»

ገቡ። ሥራ አስኪያጁም መጣ። ክብ ራስ የለውም፤ ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ያለ ራስ ተቀምጦ አያውቅም። በሩ አጠገብ ቢቀመጥ ግራና ቀኙ ያሉት ለአክብሮት ወንበራቸውን ፈቅ አደረጉ። ትሕትና ይዞት ወደ መስኮቱ ቢዛወር ክቡ በሲባጎ የለካው ወንበር ሁሉ ተከትሎት ዞረ። ሦስተኛ ቦታ ሲቀይር ወንበሮቹ ወደ እሱ የዞሩ ሦስት ረድፍ ሆነው አረፉት።

«ዛሬ እንደ አለቃ አልመጣሁም፤» አለ ተነሥቶ። «እንደ ማንኛውም ተራ ተሳታፊ ነው የመጣሁት። እንደ ተራ ተሳታፊነቴም ስብሰባውን በይፋ እከፍታለሁ።» ቀጥሎም ስለ ማዳመጥ ጥቅም ረጅም ንግግር አደረገ።

ንግግሩ ሲያልቅ የክቡ ሰዓት ደረሰ። ጫማውን ጠበቅ አደረገና መምህሩ እንዳዘዙት ዘወር ማለት ጀመረ። በተሰብሳቢው ጀርባ፣ በመስኮቱ በኩል፣ በበሩ በኩል፣ እንደገና በጀርባ። እንደ ጀማሪ ሁለት ደቂቃ ብሎ አላቆመም። ከኋላው ኮቴ የሚሰማ ሰው ደግሞ አፉ አይከፈትለትም፤ አዳራሹ ፈተና ክፍል መሰለ።

«ወንድሜ፣ የጠፋብህ ነገር አለ?» አለች ሒሳብ ሹሟ አንገቷን አዙራ።

«የለም፣ እናንተ ቀጥሉ። እኔ የለሁም።»

«ከሌለህ እግርህን አሳርፈው እንጂ! አዞርከን እኮ!»

ክቡ ፈገግ ብሎ ፍጥነት ጨመረ።

ሒሳብ ሹሟ እንደ ምንም ብላ የኮሪደሩን ስምምነት ተናገረች። በኮሪደር አንድ አፍ የነበረው ነገር በአዳራሽ ሲነገር ግን እንግዳ ነገር ሆነ። «የመጀመሪያው ሳምንት የማን ነው?» አለ አንዱ። «ሳምንት ስንል ከየት እስከ የት ነው?» አለ ሌላው። ሥራ አስኪያጁ ዝም ቢል ያልተሳተፈ እንዳይመስልበት ብሎ፣ ሰርቪሱ መጀመሪያ ወደ መካከለኛ ሰፈር እንዲሄድ ሐሳብ አቀረበ። መካከለኛ ሰፈር የሚኖር ሠራተኛ የለም። ቢሆንም ሐሳቡ ከፍተኛ ድጋፍ አገኘ፤ ወዲያው ደግሞ ከፍተኛ ጠብ አስነሣ። ከተጨባበጡት እጆች አንዱ የሌላውን ኮሌታ ሊይዝ ትንሽ ሲቀረው ክቡ «ዕረፍት!» ብሎ ወደ ኮሪደር ሮጠ። መጋዘኑ ወለል ብሎ ታየው።

«ጋሼ!» አለ በስልክ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። «ጉድ ሆንኩ! ሊደባደቡ ነው። እኔ ግን አላቆምኩም፤ ከተጀመረ አንሥቶ ስዞር ነው ያለሁት።»

«ስት... ምን?»

«ስዞር። ዘወር በል አላሉኝም?»

መምህሩ ጮኹበት።

«አንተ ልጅ! ዘወር በል አልኩህ እንጂ ዙር መች አልኩህ! ዘወር በል ማለት ውጣላቸው ማለት ነው! ሂድ፣ ጥፋ፣ ሻይህን ጠጣ! ስልክህንም ዝጋው!»

ክቡ ነገሩ አሁን ገና በራለት። ሰዎቹ የተስማሙት እሱ በሌለበት፣ የተጣሉት እሱ ባለበት መሆኑን አሰበና ፊቱ ቀላ። ጎበዝ ተማሪ ስሕተቱን ባወቀባት ቅጽበት ያርማልና ተመልሶ ወደ አዳራሹ ብቅ አለ፤ «በሉ እኔ ዘወር ብያለሁ!» ብሎ ሁሉንም አስገባ፤ ወጣ፤ ስልኩን ዘጋ። እጁ ደግሞ፣ እንደ አመሉ፣ ቁልፉን አዙሮ ኪሱ ከተተው።

ግቢው ጥግ ካለው ሻይ ክበብ ተቀምጦ ሻዩን ሲያማስል ከላይ ከአዳራሹ ድምፅ ይሰማ ጀመር። መጀመሪያ በሩ ተንኳኳ፤ ቀጥሎ ተደበደበ፤ ቀጥሎ ስሙን የሚጠሩ ብዙ ድምፆች አንድ ላይ ተነሡ። «አቤት ተሳትፎ!» አለ ክቡ። የመውጫ ሰዓት ደረሰና ሰርቪሱ ጥሩምባውን ነፋ። የላይ ሰፈርም የታች ሰፈርም ሰው በሦስተኛው ፎቅ መስኮቶች ተደርድሮ እጁን ያወናጭፋል። ክቡም ልቡ ተነክቶ እጁን አወዛወዘላቸው። ሾፌሩ ትንሽ ጠበቀ፤ የክቡን እጅ «ሂድ» የሚለው መሰለው መሰል፣ ባዶውን ይዞ ወጣ።

አዳራሹ ውስጥ ግን ሰብሳቢ የሌለው፣ አጀንዳው በማንም ያልተጻፈ ስብሰባ ተጀምሯል። ኤሌክትሪሻኑ ከኪሱ ካቻቢቴ አውጥቶ የበሩን ማጠፊያ ይፈታል፤ ሒሳብ ሹሟ የቆመበትን ወንበር ይዛለታለች። ሥራ አስኪያጁ ኮቱን ጥሎ ከታች ሰፈሮች ጋር ትከሻ ለትከሻ በሩን ይገፋል። አንድ ሰው «ግፉ!» ሲል ሁሉም ይገፋል፤ «ቆይ!» ሲል ሁሉም ያቆማል። ማን እንዳለ እንኳ አልታወቀም። በመጨረሻ በሩ ከነመቃኑ ወደቀና ሰው ሁሉ በላብ ተነክሮ ወደ ግቢው ፈሰሰ።

ክቡ ብርጭቆውን እንደያዘ ብድግ አለ። እጁ ሲኮረኩረው ወደ ኪሱ ሰደደው፤ ቁልፉን አገኘ። ባለቤቱ፣ እኅቷ፣ መስኮቱ፣ ጎማው፣ ሁሉም በዓይኑ ሄዱ።

«ስጡኝ እሱን!» አለ ኤሌክትሪሻኑ።

«ለእኔ ተዉት!» አለች ሒሳብ ሹሟ፣ ያዘነችለት ሴት።

«ቆይ፣ ቆይ፣» አለ ሥራ አስኪያጁ እያለከለከ፣ ሆኖም ፊቱ እንደ ልጅ በርቶ። ሥራ አስኪያጅ ከሆነ ወዲህ ሰው አንድም ቀን አብሮ እንዲገፋ ጠይቆት አያውቅም። «ምን ልታደርጉት ነው?»

«ልንደበድበው ነዋ!»

«ሁላችሁም?»

«ሁላችንም!»

«ላይ ሰፈርም ታች ሰፈርም?»

«ያለ ልዩነት!»

ሥራ አስኪያጁ እጁን ከፍ አደረገ። «ሠራተኛው በአንድ ድምፅ ሲስማማ በዚህ መሥሪያ ቤት ታሪክ የመጀመሪያው ነው! እኔ ያልኩት ሠራተኛው ከተስማማ ነበር፤ ተስማማችሁ። ከዛሬ ጀምሮ ቋሚ ዋና አወያይ ነው። አጨብጭቡ!»

ሰው ግራ ገባው። ሆኖም አለቃ አጨብጭቡ ሲል እጅ ራሱን በራሱ ይመራል፤ ተጨበጨበ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ክቡ ስልኩን ቢከፍት ወዲያው ጠራ። መምህሩ ናቸው።

«እህ፣ እንዴት ሆነልህ? ዘወር አልክላቸው?»

«ከልቤ ነው ዘወር ያልኩት ጋሼ! በአንድ ድምፅ ተስማሙ፣ እኔም ቋሚ ሆንኩ። ዕድሜ ለእርስዎ!»

«እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ! ለመሆኑ ሰርቪሱ መጀመሪያ በየት በኩል ይሂድ ተባለ?»

ክቡ አንገቱን አዞረ። ከመንገዱ ዳር ሒሳብ ሹሟ ጫማዋን በእጇ ይዛ ወደ ላይ ሰፈር፣ ኤሌክትሪሻኑ ጃኬቱን ትከሻው ላይ ጥሎ ወደ ታች ሰፈር በእግራቸው ይሄዳሉ። እሱ በሥራ አስኪያጁ መኪና ውስጥ፣ ከአለቃው ጎን፣ ለስላሳው ወንበር ላይ ደገፍ ብሎ መስታወቱን ወደ ላይ አወጣ።

«የቱ ሰርቪስ ጋሼ?» አለ።