ቨርሎን ውሻውን ያስያዘበት እሽቅድምድም

(ሰሜን ካሮላይና፤ ቴሌቪዥን ገና ጥቁርና ነጭ ብቻ በነበረበት ዘመን። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ቨርሎን ቤት። ጎረቤቱ ሆይት አንቴናውን ይዞ ቆሟል።)

ሆይት፦ ኧረ እጄ ዛለ! ልልቀቀው?

ቨርሎን፦ እንዳትለቀው! አንተ ስትይዘው ነው ምስሉ የሚጠራው።

ሆይት፦ እኔ እኮ ከዚህ አይታየኝም።

ቨርሎን፦ እኔ እያየሁልህ አይደል እንዴ! ቀዩ መኪና እየመራ ነው።

ሆይት፦ (አንገቱን አስግጎ) ቀዩ የቱ ነው? ሁሉም አመድ መሰለኝ።

ቨርሎን፦ ቴሌቪዥን ማየትም እውቀት ይፈልጋል፣ ወዳጄ። ቁጥሩ ሰላሳ አንድ፣ የክሌቪስ መኪና! ዛሬ የሚያሸንፈው እሱ ነው።

ሆይት፦ እኔ ግን ዳልተን ይመስለኛል።

ቨርሎን፦ ያ ኤሊ? በል እንወራረድ! ሜቤልን አስይዝ።

ሆይት፦ ውሻዬን? የዓይኔ ብሌን እኮ ናት! አንተስ?

ቨርሎን፦ ሬንጀርን። ለማላጣው ውሻ ምን ያስጨንቀኛል?

ሆይት፦ (ብዙ አስቦ) እሺ፣ ይሁን።

(ቨርሎን እንደ አገሩ ልማድ ኮካው ውስጥ ኦቾሎኒ ጨምሮ እየጠጣ ያያል። መኪኖቹ ያገሳሉ።)

ቨርሎን፦ ይኸው! የማሸነፊያው ባንዲራ ለክሌቪስ ተውለበለበ! ሂድ ሜቤልን አምጣ!

ሆይት፦ የቴሌቪዥኑ ሰውዬ ገና እያወራ ነው እኮ።

ቨርሎን፦ ያውራ! አንተ ሞኝ፣ ይሄ ውድድር ያለቀው ባለፈው እሁድ ነው። ዛሬ የሚያሳዩን ፊልሙን ቆራርጠው ነው። እኔ እዚያው ነበርኩ፤ ክሌቪስ ዋንጫውን ሲስም በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ!

ሆይት፦ እያወቅክ ነው ያወራረድከኝ?

ቨርሎን፦ አለማወቅህ የኔ ጥፋት ነው?

የቴሌቪዥኑ ድምፅ፦ ...ዋንጫው ከተሰጠ በኋላ ዙሩ በድጋሚ ሲቆጠር ክሌቪስ አንድ ዙር ጎድሎት በመገኘቱ፣ አሸናፊው ዳልተን ሆኗል።

ቨርሎን፦ (ኮካው ትን ይለዋል) ምን? ዙር የሚቆጥሩት የሹፌሮቹ ሚስቶችና እህቶች አይደሉም እንዴ?

ሆይት፦ ናቸው። የክሌቪስ ሚስት እያጨበጨበች አንዱ ዙር ላይ ሁለቴ ምልክት አድርጋ ኖሯል። የዳልተንን የምትቆጥረው ደግሞ የኔ እህት ናት፤ እሷ ናት እንደገና ይቆጠር ብላ ድርቅ ያለችው።

ቨርሎን፦ እና ነግራህ ነበር?

ሆይት፦ ማክሰኞ።

ቨርሎን፦ አንተ አጭበርባሪ! እያወቅክ ሬንጀሬን ልትወስድብኝ? ስድስት ዓመት እግሬ ስር ነው የተኛው!

ሆይት፦ ምነው ቨርሎን! እኔ የሰማሁት ማክሰኞ ነው፤ አንተ ከእሁድ ጀምረህ ታውቅ የለም እንዴ? በማጭበርበሩስ በሁለት ቀን ቀድመኸኛል።