አሥሩ ከረጢት ገብስ

[ጳጉሜን፤ ደብረ ታቦር፣ የባዩ የኪራይ ክፍል። ባዩ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነው። ክረምቱን ሙሉ የጉናን ገብስ ዘረመል በኮምፒዩተር ሲያጠና ከርሞ፣ ከዚያ ወዲህ ከኩራቱ የተነሣ አንገቱ ወደ ታች መታጠፍ ትቷል። ነገ መምህራኑ ፊት ያቀርባል፤ ከወደዱለት ለተጨማሪ ጥናት አዲስ አበባ ይላካል። አክስቱ ፈንታነሽ በሶ ቋጥረው ከጉና ወርደዋል።]

ባዩ፦ ኧረ እቴቴ፣ በሶውን ከኮምፒዩተሩ ላይ ያንሱልኝ!

ፈንታነሽ፦ ትሞቃለች እኮ። መንገድ ላይ ዝናብ ነክቶታል፣ ታድርቅልኝ ብዬ ነው።

ባዩ፦ ይቺ በሶ ማድረቂያ አይደለችም! የገብስ ዘር የምታነብ ናት።

ፈንታነሽ፦ ገብስ ላይ ደግሞ ምን ተጽፎ?

ባዩ፦ [ጉሮሮውን ጠርጎ] አራት ፊደል። ፍሬው ውስጥ አራቱ እየተደጋገሙ ተጽፈዋል።

ፈንታነሽ፦ አራት ብቻ? የኔታ ሙላቴ ዘንድ ሕፃናቱ በሁለት ቀን ያልፉታል።

ባዩ፦ ይተዉት፣ ረቂቅ ነው። ግኝቴን ይስሙ! ከአሥር ቤት አሥር ከረጢት ገብስ ሰበሰብሁ። አስመርምሬ ባስተያየው አሥሩም አንድ! የጉና ገብስ ሁሉ አንድ ዘር ነው! እስከ ዛሬ ማንም አልደረሰበትም!

ፈንታነሽ፦ እንዴት ብሎ ይደርስበታል? የጎረቤቴ የብርነሽ እኮ ጥቁር ገብስ ነው።

ባዩ፦ ዓይን ያታልላል፣ እቴቴ። እኛ የምናምነው መረጃ ነው። ስሟ የተጻፈበትን ከረጢት ከገዛ እጇ ነው የተቀበልሁት።

ፈንታነሽ፦ ከረጢቱን መቼ ነበር ያደልኸው?

ባዩ፦ ሐምሌ ላይ። ዛሬ አደልሁ፣ በማግሥቱ ሞልተው ሰጡኝ። ምን ያለ ተባባሪ ሕዝብ!

ፈንታነሽ፦ [ሳቃቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየሸፈኑ] ልጄ፣ በሐምሌ የማን ጎተራ ገብስ አለው? ዘሩ መሬት ገብቷል፣ የተረፈው ተበልቷል። እንግዳን የለም ማለት ደግሞ ነውር ነው። «የወንድምሽ ልጅ ባዶ ከረጢት ይዞ ሊመለስ ነው ወይ?» እያሉ ዘጠኙም ደጄ ላይ ተሰለፉ። ለበሶ ካስቀረሁት አንዳንድ ጣሳ ሰፈርሁላቸው። አሥረኛው የራሴው ነው።

ባዩ፦ [አልጋው ላይ ዘፍ ብሎ] ምነው ታዲያ ሳይነግሩኝ?

ፈንታነሽ፦ ስጡኝ አልህ እንጂ የምትዘሩት ነው ወይ ብለህ መቼ ጠየቅህ?

ባዩ፦ ጉድ ሆንሁ! ነገ ምን ልል ነው? ይቺ ኮምፒዩተር ዋሸችኝ!

ፈንታነሽ፦ የሰው ስም አታጥፋ! አሥሩም ከአንድ ጎተራ እንደወጣ እሷ ጉናን ሳትረግጥ አወቀች። ያላወቅኸው ተወልደህ ያደግህበት አንተ ነህ። [የበሶውን ቋጠሮ አንስተው እያስታቀፉት] በል፣ ነገ እሷ ታቅርብ። አንተ በሶዬን አድርቅልኝ።