ሊቁ ኮምፒውተሩን ቴሌቪዥን ሊያደርገው ነው

ሊቁ፦ በጀርባዋ አይደለም የምትተኛው፣ በሆዷ ነው።

ቀስ በቀስ፦ ሆዷ የትኛው ነው?

ሊቁ፦ ጽሑፍ ያለበት።

ቀስ በቀስ፦ ጋሼ፣ በሁለቱም በኩል ጽሑፍ አለ።

ሊቁ፦ እንግዲያው ትልቁ ጽሑፍ ያለበት ሆድ፣ ትንሹ ያለበት ጀርባ ነው። ዕቃም እንደ ሰው ነው፤ በማይሆን ጎኑ ካስተኛኸው ሲቃዥ ነው የሚውለው።

(ይህ ሁሉ ክርክር የሳሙና ማስቀመጫ በምታህል አንዲት ጥቁር ሳጥን ላይ ነበር። ቦታው ልብስ ስፌት ቤት ነው። ባለቤቱ ልብስ ሰፊ ሲሆን፣ አንዱን ቃል ተናግሮ ሁለተኛውን እስኪያገኝ ሰው ሻይ ጠጥቶ ስለሚመለስ ሰፈሩ «ቀስ በቀስ» ይለዋል። ሌላው የሚስቱ ታላቅ ወንድም ነው። እሱ ደግሞ የማያውቀው ነገር ስለሌለ «ሊቁ» ተባለ፤ ስሙን ያወጡለት ለቀልድ መሆኑን ብቻ እስከ ዛሬ አላወቀም።

የቀስ በቀስ ሚስት የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ናት። የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የሹፌሮች ውድድር ፍጻሜ በቴሌቪዥን በቀጥታ ይተላለፋል፤ ለፍጻሜ ካለፉት አንዷ እሷ ናት። ጠዋት ስትወጣ ባሏንና ወንድሟን «ሜዳ ድረስ እንዳትመጡብኝ፣ ሳያችሁ ሐሳቤ ይከፈላል፤ ቤት ሆናችሁ እዩኝ» ብላ ለምናቸው ነበር። ቀስ በቀስም «አይሻለሁ» ብሎ ቃል ገባላት። እሷ ከበሩ እንደራቀች ሊቁ «ድምፁን ትንሽ ላጥራው» ብሎ ቴሌቪዥኑን ፈታ። መልሶ ሲገጥመው አንድ እፍኝ ብሎን ተረፈ፤ ምስሉ ግን አልተረፈም።

ስፌት ቤቱ ውስጥ የጥልፍ ንድፍ የሚወጣበት ኮምፒውተር አለ። ጎረቤት ያለችው ፎቶ አንሺ ጭንቀታቸውን ሰምታ፣ በኮምፒውተር ስክሪን ቴሌቪዥን የምታሳየውን ሳጥን አዋሰቻቸው። እነሆ ሳጥኗን ይዘው ተቀምጠዋል።)

ቀስ በቀስ፦ ሴትየዋ ኮምፒውተሩን ማብራት አያስፈልግም ብላኛለች።

ሊቁ፦ ምን አለች?

ቀስ በቀስ፦ ከአንቴናው ወደ ሳጥኗ፣ ከሳጥኗ ወደ ስክሪኑ። ኮምፒውተሩ ይተኛ አለች።

ሊቁ፦ (ሳቁን በአፍንጫው እየለቀቀ) ስማኝማ። ቴሌቪዥኑን የምናየው በምንድን ነው?

ቀስ በቀስ፦ በኮምፒውተር።

ሊቁ፦ ኮምፒውተሩ ከተኛ ማን ያሳየናል?

ቀስ በቀስ፦ ሳጥኗ።

ሊቁ፦ ምድጃው ሳይነድ ውሃ ይፈላል?

ቀስ በቀስ፦ አይፈላም።

ሊቁ፦ በል አብራው። ሰው የነገረህን ሁሉ እየሰማህ ነው እዚህ የቀረኸው።

(ኮምፒውተሩ በራ። ሰማያዊ ገጽ ወጣና «ራሴን በማዘመን ላይ ነኝ፤ እባክዎ አያጥፉኝ» አለ። ከጽሑፉ ሥር ትንንሽ ነጥቦች እየተሽከረከሩ ቀሩ።)

ቀስ በቀስ፦ ምን እያለ ነው?

ሊቁ፦ እየተሰናዳ ነው። እንግዳ ሲመጣበት የማይሰናዳ አለ? እሱ እስኪጨርስ እኛ ሶፍትዌሩን እንጭናለን።

ቀስ በቀስ፦ ይከብዳል?

ሊቁ፦ ምኑ?

ቀስ በቀስ፦ የሚጫነው። ወገቤን ያመኛል እኮ።

ሊቁ፦ ዕቃ አይደለም አንተ ሰው። ሐሳብ በለው። ሐሳብ ነው የሚጫነው።

ቀስ በቀስ፦ እሱማ ሲጫን አውቀዋለሁ።

ሊቁ፦ ነገሩ እንዲህ ነው። ሳጥኗ ከአየር ላይ ሞገድ ትቀበላለች፣ ለማዘርቦርዱ ትነግራለች፣ እሱ ደግሞ...

ቀስ በቀስ፦ ለማዘር ባይነገራቸው ይሻላል።

ሊቁ፦ ለማን?

ቀስ በቀስ፦ ለማዘር። ቴሌቪዥኑን የገዙልን እሳቸው ናቸው። መበላሸቱን ከሰሙ ግፊታቸው ይነሳል።

ሊቁ፦ የኔን እናት ደግሞ እዚህ ምን አመጣት?

ቀስ በቀስ፦ አንተ ነህ ያመጣሃቸው።

ሊቁ፦ (ግንባሩን በመዳፉ ይዞ) ማዘርቦርድ ነው ያልኩት። የኮምፒውተሩ ማዘር።

ቀስ በቀስ፦ (ጥቂት አስቦ) እሳቸውስ ደህና ናቸው?

(ሊቁ ከኮርኒሱ ጥግ ወደ ወረዱት ሁለት ገመዶች ተንጠራራና ጫፋቸውን ያዘ፤ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ቢጫ ነው።)

ቀስ በቀስ፦ አንቴናው ጥቁሩ ነው። ቢጫው የ...

ሊቁ፦ ቆይ፣ አትንገረኝ። ሳጥኗ ላይ ቢጫ ቀዳዳ አለ፤ እየውልህ። ቢጫ ለቢጫ። የሠሯት ሰዎች ለአንተ ዓይነቱ አዝነው ነው ቀለም የቀቡላት።

ቀስ በቀስ፦ ቢጫው ግን እኮ የ...

ሊቁ፦ ቢጫ ለቢጫ አልኩህ።

ቀስ በቀስ፦ እሺ ጋሼ።

(ቢጫው ተሰካ። ከሳጥኗ ወደ ስክሪኑ የሚሄደውም ገመድ ተሰካ። ሰማያዊው ገጽ ግን ነጥቦቹን እያሽከረከረ እዚያው ነው።)

ቀስ በቀስ፦ ውድድሩ ጀምሯል።

ሊቁ፦ አትቸኩል።

(ቀስ በቀስ በዕድሜው ሙሉ «አትቸኩል» ሲባል ይህ የመጀመሪያው ነበር። ወንበሩን ወደ ስክሪኑ አስጠጋ።)

ሊቁ፦ ኮምፒውተሩ ሲጨርስ ደግሞ ጣቢያ መፈለግ አለ።

ቀስ በቀስ፦ ጣቢያ ድረስ ምን ያደርሰናል? ወዳ ፈቅዳ እኮ ነው የሰጠችን።

ሊቁ፦ ማን?

ቀስ በቀስ፦ ፎቶ አንሺዋ። ሳጥኗን። ፖሊስ ጣቢያ ሄደን ምን እንላለን?

ሊቁ፦ የቴሌቪዥን ጣቢያ ነው የምልህ።

ቀስ በቀስ፦ እሱማ ጭራሽ ሩቅ ነው። እስክንደርስ ውድድሩ ያልቃል።

(ሊቁ ዓይኑን ጨፍኖ ትዕግሥት ለመነ። ቀስ በቀስ ደግሞ ልቡ ሜዳው ላይ ነበር። ቃል ገብቶላታል። አሁን መሪው ላይ ተቀምጣ፣ እያየኝ ነው እያለች ይሆናል። እጁ ሥራ ሲፈታ መጥረግ ይወዳልና ከጠረጴዛው የጨርቅ ቁራጭ አንስቶ ሳጥኗን ማበስ ጀመረ። ጎኗ ላይ የነበረች ቀይ ማብሪያ ከጣቱ ሥር ገባ አለች። ሰማያዊው ገጽ ድርግም ብሎ ጠፋና ምስል መጣ፤ ሁለት ወንዶች ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ስክሪን ያያሉ።)

ሊቁ፦ (ዓይኑን ገልጦ) ይኸውልህ። አላልኩህም?

ቀስ በቀስ፦ አውቶቡስ የለም።

ሊቁ፦ ከውድድሩ በፊት ድራማ ጣል አድርገዋል።

ቀስ በቀስ፦ ሰዎቹ ምን እየሠሩ ነው?

ሊቁ፦ ቴሌቪዥን እያዩ ነው። ዘመናዊ ድራማ እንዲህ ነው፤ ምንም ነገር አይሆንም። አስተውሎቱ ከተመልካቹ ይጠበቃል።

ቀስ በቀስ፦ ቀጭኑ ዝም ብሏል።

ሊቁ፦ ቀጭኑን ተወው፣ ለማሟያ የገባ ነው። ወፍራሙን እይ። መላጣውን አየህልኝ? ያን የሚያህል ሜዳ ተሸክሞ ሲቀመጥ ትንሽ አያፍርም?

ቀስ በቀስ፦ እሱ አያየውም እኮ ጋሼ። ከኋላው ነው።

ሊቁ፦ አወራሩንስ? እጁን እንዴት እንደሚያወናጭፍ ተመልከት። (እጁን እያወናጨፈ) እንዲህ የሚያወናጭፍ ሰው አንድም ነገር አያውቅም። ደራሲው ይህን ሊነግርህ ፈልጎ ነው።

ቀስ በቀስ፦ አንተ ስታወናጭፍ እሱም ያወናጭፋል።

ሊቁ፦ ጎበዝ ተዋናይ ተመልካቹን ያስከትላል። ተከትዬው ነው።

ቀስ በቀስ፦ ጃኬቱ ከኋላው ተተርትሯል።

ሊቁ፦ አይቼዋለሁ። ሸሚዙ ፍጥጥ ብሎ። እዚህ ሰውዬ ላይ ጨክነውበታል። ዘመድ የለውም? አንድ ልብስ ሰፊ እንኳ አያውቅም?

ቀስ በቀስ፦ ያውቃል።

ሊቁ፦ አንተ በምን አወቅህ?

ቀስ በቀስ፦ የተቀመጠው ስፌት ቤት ነው። ከጎኑ ያለው ቀጭን ደግሞ ልብስ ሰፊው ነው። ጠዋት «አውልቀው ልስፋልህ» ቢለው «ፋሽን ነው፣ አንተ አይገባህም» አለው።

ሊቁ፦ ይህን ድራማ ከዚህ በፊት አይተኸዋል ማለት ነው።

ቀስ በቀስ፦ አሁን ነው የማየው። (ወደ በሩ አናት እያመለከተ) ቢጫው ገመድ ከበሩ በላይ ካለው ካሜራ የመጣ ነው ጋሼ። ሁለቴ ልነግርህ ነበር።

(ሊቁ ቀኝ እጁን ቀስ አድርጎ ወደ ጀርባው ላከ። ስክሪኑ ላይ ያለው ወፍራምም እጁን ላከ። የሁለቱም ጣት እኩል በስንጥቁ ገባ።

ቀስ በቀስ ለመሳቅ ጊዜ አልነበረውም። ቢጫውን ነቅሎ ጥቁሩን አንቴና በቦታው ሰካ፤ ፎቶ አንሺዋ ያሳየችውን ቁልፍ ተጫነ። አንድ ሰው ዜና ሲያነብ አለፈ፣ አንዲት ሴት ስለ ሳሙና ስታወራ አለፈች። ከዚያ ሰፊ ሜዳ፣ በመስመር የቆሙ የጎማ ምሰሶዎች፣ አንድ ረጅም ሰማያዊ አውቶቡስ። ከመስኮቱ ወጣ ያለውን ክንድ ፊቷን ሳያይ ዐወቀው።)

ቀስ በቀስ፦ እሷ ናት።

(የመጨረሻው ፈተና ነበር። አውቶቡሱን ወደ ኋላ እየነዱ በሁለት መስመር ምሰሶ መካከል ማስገባት፤ አንዱን የነካ ከውድድሩ ይወጣል። አውቶቡሱ ማፈግፈግ ሲጀምር ሊቁም ነፍሱ ተመለሰለት።)

ሊቁ፦ እዚህ ላይ ነው መሪውን ወደ ግራ። ግራ። ግራ ነው እንጂ።

(ወደ ቀኝ አዞረች።)

ሊቁ፦ በቃ፣ አበላሸችው። አሁን መቆም ነው ያለባት። ቁሚ።

(አልቆመችም።)

ቀስ በቀስ፦ ጋሼ።

ሊቁ፦ አቤት።

ቀስ በቀስ፦ ዝም በል።

(ቀስ በቀስ ለአማቹ እንዲህ ብሎ አያውቅም። ከአፉ ካወጣው በኋላ ራሱ ደነገጠ። ሊቁ ግን ዝም አለ። አውቶቡሱ ክር በመርፌ ዓይን እንደሚያልፍ ሰተት ብሎ ገባ። አንድም ምሰሶ አልወደቀም። ከስክሪኑ የሕዝቡ ጩኸት ተሰማ፤ ሹፌሯ ስትወርድ ዋንጫ ይዘው ተቀበሏት። ቀስ በቀስ ሳጥኗን ባበሰበት ጨርቅ ዓይኑን አበሰ፤ አቧራውንም እንባውንም አንድ ላይ ፊቱ ላይ ለደፈው።

አንዲት ጋዜጠኛ ማይክ ይዛ ወደ ሚስቱ ቀረበች።)

ጋዜጠኛዋ፦ እንኳን ደስ ያለሽ። ወደ ኋላ እንዲህ ሲነዳ አይቼ አላውቅም። ማን አስተማረሽ?

ሹፌሯ፦ ወንድም ጋሼ ነው ያስተማረኝ።

(ሊቁ ከመቀመጫው ብድግ አለ።)

ሹፌሯ፦ መንጃ ፈቃድ ላወጣ ስል ከጎኔ ተቀምጦ ያለማምደኝ ነበር። መጀመሪያ ላይ ያላጋጨሁት አጥር የለም። በኋላ «ግራ» ካለኝ ቀኝ፣ «ቁሚ» ካለኝ ሂጂ ማለት እንደሆነ ገባኝ። ከዚያ ወዲያ አንድም ነገር ነክቼ አላውቅም።

ጋዜጠኛዋ፦ (እየሳቀች) ዛሬ እዚህ አለ?

ሹፌሯ፦ የለም፣ ከባለቤቴ ጋር ሆኖ እያየኝ ነው። እዚያ ተቀምጦ ምን እንደሚለኝ ስለማውቅ ግን ተጠቅሜበታለሁ።

(ሊቁ እንደቆመ ቀረ። ቀስ በቀስ ቀና ብሎ አየው፤ ያዝን ይሆን ብሎ ሰጋ። ሊቁ ግን ደረቱን ነፍቶ፣ የጃኬቱን ኮሌታ እያስተካከለ ነበር።)

ሊቁ፦ ሰማህ? ሰው ሁሉ በሚያየው ቴሌቪዥን። እኔ ባላስተምራት ይህቺ ልጅ እዚህ ትደርስ ነበር?

ቀስ በቀስ፦ (ረጅም ጊዜ አሰበበት) እውነትህን ነው ጋሼ። አንዳንዴ እንኳ ልክ ብትሆን ኖሮ ግራ ይገባት ነበር።