ሰማንያ ሰባት ከመቶ

ድሃ አውራጃ ሁሉ ይዋል ይደር እንጂ ወረቀት ይዞ የሚለካው ሰው ይመጣበታል። እኛን የሄምሊ አውራጃ ሰዎችን ያልለካን የለም። የትምህርት ሰዎች ለክተውን ትምህርት ቤታችንን ዘጉ። የሆስፒታሉ ባለቤቶች ለክተውን በሩን በጣውላ መትተው ሄዱ። ከዚያ ክቡር ሌላንድ ፕሩዊት መጣ፤ ሊቀ መዓት፣ የዓለም ፍጻሜ ገምጋሚ።

እናንተም ታውቁታላችሁ። ሠርግ ላይ የአደጋ ጊዜ መውጫው የት እንደሆነ የሚጠይቅ፣ ሕፃን ሲወለድ ስለ ድርቅ የሚያወራ ሰው ነው። ሥራው፣ አገር ይፈርሳል ብለው ከከተማ መሸሽ ለሚፈልጉ ሰዎች የትኛው የገጠር አውራጃ ለመደበቅና ድንች ተክሎ ለመኖር እንደሚሻል ነጥብ መስጠት ነው። ከአፉ የማትጠፋው ንግግር «መብራቱ የጠፋ ዕለት ታዩታላችሁ» የምትል ናት። የእኛ መብራት አውሎ ነፋስ በመጣ ቁጥር እንደሚጠፋ ነግረነዋል። እሱ የሚለው ሌላውን መጥፋት ነው።

መጀመሪያ የመጣው እኔ ወደምሠራበት የከብት መኖ መደብር ነበር። ቅጹን ባንኮኒው ላይ ዘረጋ።

«እትዬ ቨርና፣ ሆስፒታል ምን ያህል ይርቃል?»

«ድሮ ሃያ ደቂቃ። አሁን አንድ ሰዓት ተኩል።»

«ግሩም ነው» ብሎ ጻፈ። «ሆስፒታል ሰው ይሰበስባል። መብራቱ የጠፋ ዕለት የተራበ ሁሉ የሚጎርፈው ወደዚያ ነው።»

ባሌ ሮይስ የሞተው በዚያ መንገድ ላይ ነው፤ እኔ አምቡላንሱን እየነዳሁ፣ እሱ ከኋላዬ ተኝቶ። ሌላንድ ለዚያ መንገድ አሥር ከአሥር ሰጠው። አልነገርኩትም። የጠየቀኝን የከብት ጨው መዝኜ ሸኘሁት፤ ቂሙን ግን ያዝኩ።

ሳምንቱን ሙሉ ሲለካን ሰነበተ። የምንጭ ውኃ እየተጎነጨ ዓይኑን ጨፍኖ ያጣጥማል። ትምህርት ቤት አለመኖሩን «ጸጥታ» ብሎ መዘገበው። የሕዝባችን ቁጥር በየዓመቱ እንደሚቀንስ ሲሰማ ፊቱ በራ። የሰባ አራት ዓመቱ ኦርቪል፣ ከመደብሬ ወንበር ሳይነሳ፣ «ስማ ልጄ» አለው፣ «ሁላችንም ብንሞትልህ መቶ ትሞላልናለህ?»

ሌላንድ የምር አሰበበት። «የውኃ ጉድጓድ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። እርስዎ ቢቆዩ ይሻላል።»

ሰማንያ ሰባት ከመቶ ሰጠን። ደንበኞቹ ገቡ። እሱም በራሱ ነጥብ ተማምኖ ከወንዙ ማዶ ኮረብታ ገዛ።

በሄምሊ የእርሻ በር ለከብት ይዘጋል እንጂ ለሰው አይቆለፍም። ዝናብ ሲበረታ ወንዙ ዝቅ ብሎ የተሠራውን የሲሚንቶ መሻገሪያ ይውጠዋል፤ ያኔ ሁሉም የጎረቤቱን ማሳ አቋርጦ ወደ ላይኛው ድልድይ ይሄዳል። በሩን የከፈተ መልሶ ይዘጋል፣ በቃ። ሌላንድ ይህን ሲሰማ ዘገነነው። ለደንበኞቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ጓጉንቸር አስገዛቸው፤ መቁረጫ የማይበግረው።

አምቡላንሳችን የበጎ ፈቃደኞች ነው። ፈቃዱ እንዲታደስ የስድስት ሰው ስም ይጠየቃል፤ ሮይስ ከሞተ ወዲህ አምስት ነን። እስከ ጥቅምት መጨረሻ ካልሞላን ይዘጋል። አዲሶቹን በየበራቸው ቆሜ ለመንኳቸው። ከቺካጎ የመጣው የጥርስ ሐኪም በሩ ላይ ባሰቀለው ድምፅ ማጉያ «ቤት የለንም» አለኝ። ሌላንድ ደግሞ ቅጹን ገልብጦ አየና፣ «ይቅርታ እትዬ ቨርና፣ አምቡላንስ የሚል እዚህ ላይ የለም» አለኝ።

በነሐሴ ሦስት ቀን ያለማቋረጥ ዘነበ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ስልክ ተደወለ። ሌላንድ ከውኃ ጋኑ መሰላል ላይ ወድቋል።

«እትዬ ቨርና፣ ያ ቅጹ ላይ የለም ያልኩዎት ነገር…»

«ምንህን ነው ያመመህ? አጥንት ነው ወይስ ጸጸት?»

«ሁለቱም» አለ።

ጭኑ ተሰብሯል። መሻገሪያው ተውጧል። የቀረው መንገድ በጥርስ ሐኪሙ ማሳ በኩል ነው፤ ሐኪሙ ቺካጎ ሄዷል፣ በሩ በሰንሰለት ታስሯል። የመቁረጫችን ስለት ተሸረፈ። ለካ ሌላንድ ዕቃ መምረጥ ያውቃል። አምቡላንሱን አቁመን አጥር ዘለልን፤ እስከ ጉልበታችን ጭቃ ውስጥ ገብተን ሰውየውን በቃሬዛ አወጣነው። ኦርቪል የፊቱን እጀታ ይዞ ይተነፍሳል፤ አተነፋፈሱ ከሌላንድ ጭን ይልቅ አስጨነቀኝ።

«ስንት ደቂቃ ፈጀባችሁ?» አለ ሌላንድ፣ ሰማይ ሰማይ እያየ።

«ሃምሳ አንድ።»

«እርሳስ ኪሴ ውስጥ አለ…»

«ዝም በል» አለው ኦርቪል። «ለክፉ ቀን ያስቀመጥከውን ሁሉ በልተህ ጨርሰሃል መሰለኝ፣ ትከብዳለህ።»

ከዚያ ያንን አንድ ሰዓት ተኩል ነዳሁ። ሮይስ ዝም ያለበትን ኩርባ ሳልፍ ሌላንድ ከኋላዬ ያቃስት ነበር። የሰው ማቃሰት እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ በዚህም በራሴ ተናደድኩ።

በጥቅምት የመጨረሻው ቅዳሜ፣ በየዓመቱ እንደምናደርገው፣ በአምቡላንሱ ጋራዥ ዓሣ ጠብሰን ተሰበሰብን። የመጨረሻችን መሆኑን ሁሉም ስለሚያውቅ የሚያወራው ስለ አየሩ ብቻ ነበር። ሌላንድ በክራንች ገባና አዲስ ቅጽ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። አርባ አንድ ከመቶ።

በሰማንያ ሰባቱ ስንስቅ ከርመን ነበር። ሲወሰድብን ግን አንጀቴ ተቃጠለ። ወረቀት ይዘው ከመጡብን ሰዎች ሁሉ ያሳለፈን እሱ ብቻ ነበር።

«ምን አድርገን ነው?» አልኩት።

«ሆስፒታል የለም። ሰው የለም። አምቡላንሱም ሊዘጋ ነው።»

«ይኸንን እኮ በመጀመሪያው ቀን ነግሬሃለሁ።»

«ነግረውኛል» አለ፣ ዓሣውን እያየ። «ጥሩ ነገር መስሎኝ ነበር።»

«የሞተብህ ሰው ስለሌለ ነው» አልኩት። የስም ዝርዝሩን ገፋሁለት።

እርሳሱን አውጥቶ ስድስተኛው መስመር ላይ ፈረመ። ከዚያ አርባ አንዱን ሰርዞ አርባ አራት አደረገው።

«ሦስት ብቻ?» አለ ኦርቪል።

«ስድስተኛው ሰው አንካሳ ነው።»

ከሞተ ጀምሮ ማንም ያልነካውን የሮይስን የአምቡላንስ ጃኬት ከሚስማሩ ላይ አወረድኩ። ሌላንድ ክራንቹን ለኦርቪል አስይዞ ለበሰው።

«እጅጌው ያጥራል» አለ።

«ቅጽህ ላይ ጻፈው» አልኩት። ዚፑን ግን እኔው ዘጋሁለት።