አቶ አማካይና የእትዬ አንሶላዎች

ሰው ሁሉ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ከአንድ አስሊ ጋር አብሮ ይሠራል። ዕጣ ነው፤ ማንም አያመልጠውም። ባንክ ቢቀጠር ያገኘዋል፣ ትምህርት ቤት ቢቀጠር ያገኘዋል፣ ሁሉን ትቶ ቤቱ ቢቀመጥ ደግሞ ጎረቤት ሆኖ ይመጣበታል። አስሊ ማለት «ዛሬ ይዘንብ ይሆን?» ሲሉት ወደ ሰማይ ቀና የማይል ሰው ነው። መጀመሪያ አምና በዚህ ሳምንት የዘነበውን ያስታውሳል፣ የካቻምናውን ይደምራል፣ ያካፍላል። መልሱን ሲነግርዎ እርስዎ በስብሰዋል።

ለእትዬ የደረሷት አስሊ ክቡር አቶ አማካይ ናቸው። እትዬ በአንድ የሐይቅ ዳር ሆቴል የመኝታ ክፍሎች ኃላፊ ናት፤ አንሶላው፣ ፎጣው፣ ሳሙናው፣ የልብስ ማጠቢያ ቤቱ ሴቶችም ጭምር በእሷ እጅ ናቸው። ክቡርነታቸው ደግሞ የዚያው ሆቴል የዕቅድ ክፍል ናቸው። አለቃውም ሠራተኛውም ራሳቸው ስለሆኑ «ክፍሉ ናቸው» ማለት ይቀላል። «አማካይ» የሚለውን ስም ያወጣላቸው የወጥ ቤቱ ሼፍ ነው። ምሳ ምን ይቅረብልዎ ቢላቸው ጥቂት አስበው «በአማካይ፣ ሩዝ» አሉት። ከዚያ ወዲህ እናታቸው ባወጣችላቸው ስም የሚጠራቸው የለም።

ሥራቸው ነገ የሚሆነውን ዛሬ ማወቅ ነው። ስንት እንግዳ ይመጣል፣ ስንቱ ሳይመጣ ይቀራል፣ ስንት እንቁላል ይጠበሳል፣ ዕቃ የጫነው መኪና መቼ ይደርሳል። ጠዋት ጠዋት የቁርስ አዳራሹ በር ላይ ቆመው እንቁላል ሊደግም የተነሳውን እንግዳ በዓይናቸው ይሸኙታል። እንግዳው ይሸማቀቃል፤ ሳህኑን ባዶውን መልሶ የተቀመጠም አለ። ሼፉ ይህን ሲያይ ደሙ ይፈላል። እሳቸው ግን ከዚህ ሁሉ መቆም አንድ ነገር አግኝተዋል፦ ሰማዩ ሲደምን ሰው እንቁላል ያበዛል። ሼፉ በሳቅ ሞተ። ደመና በዋለበት አንድ ጠዋት ግን አዳራሹ ሳይጋመስ እንቁላል አለቀበት፤ አሁን ከቤቱ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያየው ሰማዩን ነው።

አውቶቡስ ሙሉ ቱሪስት ባንድ ጊዜ ሲራገፍ የእንግዳ መቀበያው ክፍል ይጨናነቅ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ሠራተኛ ይጨመር ይል ነበር። አቶ አማካይ ሰዓታቸውን ይዘው ጥግ ላይ ቆመው ሰነበቱና ሾፌሮቹን የኋላውን በር እንዳይከፍቱ ለመኑ። ሰዉ በፊት በር ብቻ፣ አንድ በአንድ፣ ሻንጣውን እየፈለገ ይወርዳል፤ መቀበያው ሲደርስ የቀደመው ሰው ቁልፉን ይዞ ሄዷል። ባለሆቴሉ ወረፋውን የት አደረሱት ብሎ ሲጠይቃቸው «የትም አልሄደም፤ አሁን አውቶቡሱ ውስጥ ተቀምጦ ነው የሚጠብቀው» አሉት።

ከሁሉ የሚያስፈራው የክፍል ሽያጫቸው ነው። ክፍል አስይዞ የሚቀር ሰው አይጠፋም፤ ስለዚህ ካለን ላይ ትንሽ አስበልጠን እንሽጥ ባይ ናቸው። ብዙ ጊዜ ይሠራላቸዋል። አንድ ቀን ግን የሚቀር ጠፋ። የሚታመመው ሳይታመም፣ አውሮፕላን የሚያመልጠው ሳያመልጠው፣ ሁሉም ሻንጣውን እየጎተተ ከች አለ። አመሻሽ ላይ አንድ ሽማግሌና ባለቤታቸው ክፍል አጥተው መቀበያው ፊት ተገተሩ። እትዬ የምትገባበት ጠፋት። አቶ አማካይ የራሳቸውን ባለቤት እህቷ ዘንድ ላኩና አዛውንቶቹን ቤታቸው ወስደው በገዛ አልጋቸው አስተኟቸው። በማግስቱ ጠዋት እትዬ የልብስ ማጠቢያ ቤቱን ስትከፍት ክቡርነታቸው ፎጣ አንጥፈው፣ ፎጣ ለብሰው፣ ፎጣ ተንተርሰው ተኝተዋል። ቀና አሉና ይቅርታ እንኳ ሳይሉ፣

«እትዬ፣ እዚህ ያለው ፎጣ ከሚያስፈልገው በላይ ነው» አሏት።

ከዚያች ጠዋት ወዲህ ነገሩ ጦርነት ሆነ። ዋናው የጦር ሜዳ አንሶላ ነበር። በእሳቸው ስሌት ለአንድ አልጋ ሦስት ጥንድ ይበቃል፤ አንዱ አልጋው ላይ፣ አንዱ እጥበት ላይ፣ አንዱ መደርደሪያው ላይ። እትዬ ግን መብራት ሄዶ ማጠቢያው ቀጥ ሲል፣ ሕፃን አልጋ ላይ ሲያስመልሰው እያየች የኖረች ሴት ናት፤ ሦስት ብሎ ነገር አይዋጥላትም። ስለዚህ ትደብቃለች። ከውሃ ማሞቂያው ኋላ፣ ከአሮጌ ፍራሽ ሥር፣ ከተሰበረው የስፌት መኪና ሣጥን ውስጥ። ማን ያውቅብኛል ብላ በሰላም ስትኖር አንድ ጊዜ ያዘዘችው አንሶላ ጎድሎ መጣ። ደረጃውን በንዴት ወጥታ ይሄ ምን የሚሉት ስሌት ነው ብትላቸው፣ ከኮምፒውተራቸው ቀና ሳይሉ «እርስዎ ከደበቁት ጋር ይበቃል» አሏት።

የደበቀችውን ቆጥረውታል። ያውም በዓይናቸው ሳያዩት፤ ከተገዛው ላይ የተነጠፈውን፣ የታጠበውንና የተቀደደውን ሲቀንሱ የቀረው ነው። እትዬ፣ ለምን ለባለሆቴሉ አልነገርክብኝም ስትላቸው በጥያቄዋ ተገረሙ። ሆቴሉ መጠባበቂያ ያስፈልገዋል፣ መጠባበቂያው እሷ ዘንድ አለ፤ ታዲያ ምን ይነገራል? ይህ ከመጋለጡ የበለጠ አበገናት። ደብቆ እንኳ ደስ መሰኘት ቀረ?

ሁልጊዜ ይሳካላቸዋል ማለት አይደለም። ባለቤታቸው ሽንኩርት ግዛ ብላ ብትልካቸው፣ ሐሙስ ዋጋው ይወርዳል ብለው ባዶ እጃቸውን ገቡ። ሐሙስ ጭራሽ ሽንኩርት ከገበያ ጠፋ። እትዬ ይህን ከሴትየዋ አፍ ሰምታ ሳምንቱን በደስታ አሳለፈችው። ደረጃ ላይ ባገኘቻቸው ቁጥር «ሽንኩርት እንዴት ነው?» ትላቸዋለች። እሳቸውም ሽሙጡ አይገባቸውም፤ ቆመው የዕለቱን ዋጋ ይነግሯታል።

ሰውየው ቁጥር ብቻ ቢሆኑ ኖሮ መጥላቱ በቀለለ ነበር። አንድ ጊዜ ግን ሳሙና ገና ሳይጎድል ቀድመው አዘዙ። እትዬ፣ ሌላውን ሁሉ ስትነፍገኝ ከርመህ ሳሙና ላይ ምን ቸር አደረገህ ብትላቸው፣ ሳሙና የሚያመጣው ሾፌር ሚስቱ መውለጃዋ ደርሷል፣ እሱ አጠገቧ ሳይሆን አትወልድም፣ መኪናውን ደግሞ ሌላ ሰው አያስነካም፤ ስለዚህ ይዘገያል አሏት። ሴትየዋ ወለደች፣ መኪናው ቆመ፣ በሐይቁ ዙሪያ ያሉ ሆቴሎች ሁሉ እትዬ ጋ ሳሙና ሊለምኑ መጡ። እሷም ሰጠቻቸው፣ በኩራት፤ ያሰላችው ራሷ ይመስል። አቶ አማካይ ሾፌሩ ወንድ ይውለድ ሴት ጠይቀው፣ የሕፃን ልብስ ገዝተው ልከው ነበር። የሕፃኑን ዕድገት በወር በወር አስበው ልብሱን ሁለት ቁጥር አስበልጠው ገዝተውታል ይባላል።

ዘንድሮ እንግዳ ሳሳ። ባለሆቴሉ፣ ሠራተኛው ሁሉ ጋሼ የሚለው ገር ሰው፣ አቶ አማካይን ጠርቶ ሆቴሉ ምን ሳይኖረው መኖር እንደሚችል እንዲያሰሉለት ጠየቃቸው። ነገሩ የተነገረው በር ዘግቶ ነው፤ ከምሳ በፊት ግን አትክልተኛው ሳይቀር ሰምቶታል። ከዚያ በኋላ እሳቸው የልብስ ማጠቢያ ቤቱን በር ሲያልፉ ሴቶቹ ወሬያቸውን ያቋርጣሉ። ከመካከላቸው አንዷ ገና ቤት መከራየቷ ነው፣ ሌላዋ እናቷን ታስታምማለች። እትዬ ሁሉንም እንደ ልጆቿ ነው የምታያቸው። መጀመሪያ የሚቀነሰው ከእኛ ነው ብላ ወሰነች፤ ፎጣ በዛ ያለ ሰው፣ ሰው በዛ ማለት ያቅተዋል? ኮሪደር ላይ ይዛ አፋጠጠቻቸው። ውጤቱ አልወጣም ብለው አለፏት። እንቅልፍ አጣች። ውጤቱ የሚነገርበት የስብሰባ ቀን እንደ ደረሰ ነጠላ ጫማዋን ትታ ዝግ ጫማዋን አደረገች፤ ለጠብ የሚመቻት እሱ ነው።

አቶ አማካይ ክራቫት አስረው መጡ። ግድግዳው ላይ ባለ ቀለም ሥዕላዊ መግለጫ ለጠፉና ድምፃቸውን ሳይቀይሩ ጀመሩ። ከመኝታ ክፍሎች አንድም ሰው ቢቀነስ አልጋ ሳይነጠፍ እንግዳ ይደርሳል፤ አይቻልም። ከወጥ ቤትም እንዲሁ። ከአትክልት ቦታውም እንዲሁ። ቀጥለው፣ ለሆቴሉ ብዙ ወጪ አስወጥቶ በቀላሉ በሌላ ሊተካ የሚችል ሥራ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም የዕቅድ ሥራ ነው አሉ። ይህን የሚሠራ ፕሮግራም ገበያ ላይ አለ፤ ደመወዝ አይጠይቅም፣ ዓመት ፈቃድ አይወጣም። ፊታቸው በርቷል። ከባድ ሂሳብ ሠርቶ መልሱ ያለ ቀሪ እንደ ወጣለት ተማሪ ነበሩ።

የዕቅድ ክፍል ማለት ማን እንደሆነ ለሁሉም የገባው ቀስ ብሎ ነው።

«ይሄ አንተ አይደለህም እንዴ?» አለ ጋሼ።

«ነኝ» አሉ አቶ አማካይ። «ደጋግሜ ፈትሼዋለሁ።»

እትዬ ደስ ሊላት በተገባ ነበር። ልጆቿ ድነዋል፣ ፎጣዋን የሚቆጥርባት ሰው በገዛ እጁ ሊሄድላት ነው። እሷ ግን ያችን ክራቫት አየቻት፤ ጠዋት መስታወት ፊት ቆመው፣ ከሥራ ለሚወጡበት ቀን አስተካክለው ያሰሯትን ክራቫት።

«ለባለቤትህ ነግረሃታል?» አለቻቸው።

«ውጤቱ የወጣው ዛሬ ጠዋት ነው እኮ።»

«እኔ አልስማማም» አለች እትዬ።

አቶ አማካይ አልተቆጡም። ዘወር ብለው በጉጉት አዩዋት። «የቱ ጋ ነው ስህተቱ?»

«እኔ ምን አውቄ። ስህተት ላይኖረው ይችላል።» ዝግ ጫማዋን አስተካክላ ቆመች። ለሌላ ጠብ አዘጋጅታው የመጣችው ንግግር ሁሉ ከአፏ ጠፍቷል። «ቁጥር የለኝም። ግን አንተ ከሄድክ እኔ ከማን ጋር ነው የምጣላው? ከፕሮግራሙ ጋር?»

ሼፉም እንደማይስማማ ተናገረ፤ ምክንያት ሲጠየቅ የእትዬ ይበቃል አለ። ጋሼ ግንባሩን እያሻሸ ከሚቀነሰው ሁለተኛ የወጣው ምን እንደሆነ ጠየቀ። አቶ አማካይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ግቢው ውስጥ ቀን ከሌት በሞተር የሚፈሰው ፏፏቴ ነው አሉ። ጋሼ የፏፏቴውን ሥዕል ነድፎ ያሠራው ራሱ ነው፤ ሐይቅ ፊት ለፊት ለምን ፏፏቴ ብሎ የጠየቀው ሰው እስካሁን አልነበረም። ወደ መስኮቱ ሄዶ አየው። ሲመለስ ፊቱ የሐዘንተኛ ቢመስልም፣ ይዘጋና እናያለን፣ ፕሮግራሙንም አንገዛም ብሎ ስብሰባውን በተነ።

እትዬ ኮሪደሩን ልትጨርስ ስትል ከኋላዋ የሩጫ ኮቴ ሰማች። አቶ አማካይ ናቸው፤ ክራቫቷ ወደ ትከሻቸው ዞራለች።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ሳላስገባ ቀርቻለሁ ማለት ነው። እኔና እርስዎ በቀን ስንት ጊዜ ነው የምንጣላው? በአማካይ?»

ልትቆጣ አፏን ከፈተች። የመጣላት ግን ሳቅ ነው፣ ከሳቁ ጋር ደግሞ እንባ፤ በመሐረቧ ጠረገችውና ክራቫቷን ወደ ቦታዋ መለሰችላቸው።

«ዛሬ ገና አልተጣላንም» አለቻቸው። «ለባለቤትህ ይህን ጉድ እንዳትነግራት። በል ና፣ እንጣላ።»

«በምን?» አሉ አቶ አማካይ።

«መንገድ ላይ እናገኛለን።»