ለአንድ ዋሽንት ስምንት ትራንዚስተር

ከመሣሪያ ሁሉ ሰውን የሚያቄለው ገና ያልተሠራው ነው። የተሠራው እንከኑ ይታወቃል፤ ይግላል፣ ይንጫጫል፣ አንድ ቀንም ያለ ምክንያት ዝም ይላል። ያልተሠራው ግን ምን እንከን ይወጣለታል? ወረቀት ላይ የተሳለ መሣሪያ ሲበላሽ ያየ ሰው አለ? እኔ ይህን የተማርኩት በደርግ ጊዜ፣ ፍኖተ ሰላም ፊዚክስ ሳስተምር ነው። የሳሙና መያዣ የምታህል አንዲት ዕቃ ለመምረጥና ለማሠራት ስምንት ወር ፈጅቶብኛል።

ነገሩ የመጣው በታናሽ ወንድሜ ነው። ስሙ አየነው ይባላል። ስሙ እንዲህ ይሁን እንጂ ካየነው ሁለት ዓመት አልፎን ነበር። አየነው ከቡሬ ነቀምት እህል በሚያመላልስ የጭነት መኪና ላይ ረዳት ነበር። ጆንያ ላይ ተቀምጦ ዋሽንት ሲነፋ ከርሞ አንድ ቀን አዲስ አበባ ደረሰና እዚያው ቀረ። ከአንድ ዘፋኝ ጀርባ ቆሞም ለአንዲት የዘፈን ሸክላ ነፋ። ሸክላዋን በሹፌር እጅ ላከልን። በደብዳቤው ላይ፣ ዋሽንቱ የእርሱ እንደሆነ፣ ይልቁንም ሁለተኛው አዝማች አልቆ ዘፋኙ ትንፋሽ ሲሰበስብ የሚሰማው እርሱ ብቻ እንደሆነ ጽፎ ነበር። ከዚያ ለውትድርና ተጠራ። ወደ ሰሜን ሄደ፤ ደብዳቤውም ተቋረጠ።

እናታችን ከቡሬ ወጣ ብሎ ካለ ገጠር ትኖራለች። ሸክላዋን ለእኔ ስትሰጠኝ በነጠላ ጠቅልላ፣ ሕፃን እንደሚያቀብል ሰው ከሥር ደግፋ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ቡሬ ገበያ ወጥታ ስታገኘኝ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መቼ ነው የምታሰማኝ? አንዱ ጆሮዋ ከደከመ ቆይቷል፤ ሁለተኛውም መከተል ጀምሯል። እኔ ደግሞ ማሰሚያ አልነበረኝም።

እግዜር ይስጣቸውና፣ ሂሳብ ያስተምሩ የነበሩ አንድ ህንዳዊ መምህር ወደ አገራቸው ሲመለሱ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ሸክላ ማጫወቻ ሰጡኝ። መርፌውን ራሳቸው በተሻለ የቀየሩበት ነው። ታዲያ መርፌው ጥሩ በሆነ መጠን ድምፁ ደካማ ነውና ዝም ብዬ ከሬዲዮ ጋር ባገናኘው እንደማይሰማኝ አስጠነቀቁኝ። በመካከል ቅድመ ማጉያ የሚባል ዕቃ ያስፈልጋል። ሸክላ ሲቀረጽ ወፍራሙ ድምፅ ተቀንሶ፣ ቀጭኑ ተጨምሮ ነው፤ ያቺ ዕቃ የተቀነሰውን በልኩ ትመልሳለች፣ የተጨመረውን በልኩ ትቀንሳለች። ምክራቸውን ንቄ ሞከርኩት። ዘፋኙ ጠርሙስ ውስጥ የገባ ዝንብ ሆነ፤ ዋሽንት የሚባል ነገር ጨርሶ የለም።

ሰውየው ያረጀ የእንግሊዝኛ መጽሔትም ትተውልኝ ነበር። በውስጡ ሦስት ንድፍ አለ። የመጀመሪያው በሁለት ትራንዚስተር ያልቃል። ሁለተኛው አራት ይፈልጋል። ሦስተኛው ስምንት ትራንዚስተር፣ ለግራና ለቀኝ መንታ ሆነው የተመረጡ ሬዚስተሮች፣ ለየብቻ የሚቆሙ ባትሪዎች ይፈልጋል። የንድፉ ባለቤት፣ በዚህ መሣሪያ ሙዚቃው ብቻ ሳይሆን በሙዚቃው መካከል ያለው ዝምታ እንኳ ይሰማል ብሎ ጽፏል። ዝምታ የሚሰማ መሣሪያ! ወንድሙ ዝም ያለበት ሰው ይህን አንብቦ የመጀመሪያውን ይመርጣል?

መጽሔቱን ይዤ ቡሬ፣ ጋሼ ዳኘው ዘንድ ሄድኩ። ጋሼ ዳኘው ድሮ ወታደር ቤት የመገናኛ ሬዲዮ ሲጠግኑ የኖሩ፣ ያኔ በገበያው ዳር ትንሽ ሱቅ የነበራቸው ሰው ናቸው። ሦስቱንም ንድፍ መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ አዩና የመጀመሪያውን እዚያው ካላቸው ዕቃ በሳምንት እንደሚያደርሱልኝ ነገሩኝ። እኔ የለም ሦስተኛውን አልኩ። ስለ ወፍራም ድምፅ፣ ስለ ዝምታ፣ ስለ መንታ ሬዚስተር አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ አስተማርኳቸው። ታግሰው ሰሙኝና፣

"መምህር፣ መስማት የምትፈልገው ወንድምህን ነው ወይስ መሣሪያውን?" አሉኝ።

ሁለቱንም አልኩ። መልሱ ትክክል እንዳልነበር ያኔም ገብቶኛል መሰል፣ ጆሮዬ ሲግል ታወቀኝ።

ከዚያ ጥበቃ ሆነ። ትራንዚስተሮቹን ከአዲስ አበባ እንዲያመጣ ለእህል ጫኝ ሹፌር ቁጥራቸውን ጽፌ ሰጠሁ። ከሁለት ወር በኋላ አመጣ፤ ቁጥሩ ልክ፣ መጨረሻው ላይ ያለው ፊደል ልዩ። ጋሼ ዳኘው ይሠራል አሉ፤ መጽሔቱ ግን አይሠራም ይል ነበርና ዕቃዎቹን መለስኳቸው። ክረምት ገባ፣ መንገድ ተበላሸ። ትክክለኞቹ ሲመጡ ካፓሲተሮቹ ቀሩ። በየቅዳሜው እናቴ ስትጠይቀኝ ትንሽ ቀረው እላለሁ፤ ታዲያ በየጊዜው ይህን የምላት ቀድሞ ከነበረው ከፍ ባለ ድምፅ ነው፤ አለዚያ አትሰማኝም። አንድ ቅዳሜ ሁለት ጊዜ ደገምኩላት። የዚያን ቀን ወደ ፍኖተ ሰላም ስመለስ በአውቶቡሱ መስኮት የማየው መንገድ ሁሉ ደበዘዘብኝ። ወንድሜን በልኩ ላሰማት ስል ጭራሽ ሳላሰማት ልቀር ነው?

ደግነቱ ጥር ላይ ዕቃው ተሟላ። ጋሼ ዳኘው በየዱት፤ ጣት እንኳ ሳይነካው እንዳያፏጭም የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ቆርጠው ቤት ሠሩለት። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ማጫወቻዬን ከሱቁ ሬዲዮ ጋር አገናኘንና እናቴን ይዣት ገባሁ። ጋሼ ዳኘው ለእርሷ ወንበር ሰጥተው፣ የገበያው ጫጫታ እንዳይገባ በሩን መለስ አደረጉ። እናቴ የተሻለውን ጆሮዋን ወደ ሬዲዮው አስጠግታ ዓይኗን ጨፈነች።

መርፌውን አሳረፍኩ። ስለ መሣሪያው እውነቱን ልናገርና፣ መጽሔቱ አልዋሸም። ዘፋኙ ሱቁ ውስጥ ገብቶ የቆመ መሰለ። እኔም እንደ ፈታኝ ወፍራሙን ከቀጭኑ ሳመዛዝን ሁለተኛው አዝማች አለቀና ዋሽንቱ ብቻውን ወጣ። እንዴት ያለ ንጹሕ ድምፅ! ኩራቴን ላካፍላት ወደ እናቴ ዞርኩ። ፊቷ ተኮሳትሯል።

"ጉንፋን ይዞታል" አለች።

ምን እንዳለች አልገባኝም። ደግሜ አጫወትኩት። እውነትም በአንዱ ዜማና በሚቀጥለው መካከል አየነው አየር ሲስብ ይሰማል፤ አፍንጫው የተዘጋ ሰው አሳሳብ ነው። ስምንት ወር ሙሉ ስለ ድምፅ ጥራት ሳስብ ወንድሜ የሚተነፍስ ሰው መሆኑን ረስቼው ነበር።

"ልጄን ጉንፋን ይዞት ሳለ ነው ያስነፉት" አለች ቀጥላ። ጋቢ የሚደርብለት ሰው እንኳ አልነበረውም ወይ ብላ ጠየቀችን። ጋሼ ዳኘው ወደ መደርደሪያቸው ዞረው የማይፈለግ ነገር መፈለግ ጀመሩ።

አሁንም አሁንም አስደገመችኝ። በአራተኛው ላይ፣ ያ ፊት ፊት የሚጮኸው ሰውዬ ትንሽ ዝም ቢልላትና ልጇን በደንብ ብትሰማው ምን አለበት አለችኝ። አይቻልም ማለት አቃተኝና እሞክራለሁ አልኳት። በሰባተኛው ይሁን በስምንተኛው የባትሪ ድንጋዩ አለቀ። ሸክላዋ መንቀርፈፍ ጀመረች፤ ዋሽንቱ እየወረደ፣ ትንፋሹ እየረዘመ ሄደ። ሌላ ባትሪ ልገዛ ስነሳ እናቴ እጄን ያዘችኝ።

"ተወው፣ ደክሞታል" አለች። "ይረፍ።"

ነጠላዋን አጣፋች፤ ጋሼ ዳኘውን መርቃ ወጣች። እስከ ከተማው ዳር ሸኘኋት።

ወደ ሱቁ ስመለስ ጋሼ ዳኘው አንዲት ትንሽ ቆርቆሮ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ጠበቁኝ። ባለ ሁለት ትራንዚስተሯ ነበረች። ለካስ በዚያው በመጀመሪያው ሳምንት ሠርተው፣ ሐሳቤን ብቀይር ብለው አስቀምጠዋት ኖሯል። ወስጄ ኪሴ ከተትኳት። ትንፋሹን እርሷም ታሰማ እንደነበር ማወቁ አስፈርቶኝ እስከ ዛሬ አልሞከርኳትም።

የእናቴ ልመና ግን አልወጣልኝም። ለሚቀጥለው ሥራ እንዲሆነኝ ብዬ ከልቤ ጠየቅኋቸው፦ ዘፋኙን ብቻ ዝም አሰኝቶ ከጀርባው ያለውን ዋሽንት የሚያሰማ ንድፍ በዓለም ላይ አይገኝም ይሆን?

ጋሼ ዳኘው መነጽራቸውን አወለቁ። መጀመሪያ እኔን አዩ። ቀጥለው በሩን፣ ከበሩም ማዶ ግንድ ላይ የተሰቀለውን የቀበሌ ድምፅ ማጉያ አዩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

"መምህር" አሉኝ፣ "ፊት የቆመውን ዝም አሰኝቶ ከኋላ ያሉትን የሚያሰማ መሣሪያ ቢገኝማ፣ ለዘፈን ብቻ የምናውለው ይመስልሃል?"